ሁሉም ገጽ በአንድ ፋይል

ነርሱ የሥራ ማመልከቻውን በስልኩ እያነሳ ገጽ በገጽ ለያይቶ ልኮ ነበር። «ሁሉም በአንድ ፋይል ይሁን፤ እስከ ዛሬ ሥራ መውጫ» የሚል መልስ መጣለት። ውጭ አገር ያለው ሆስፒታል ቀልድ አያውቅም። ወረቀቱን ታቅፎ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ሒሳብ አስተማሪዋ ቤት ሮጠ።

የተዋወቁትም በእሷው ማሽን ነው፤ ያትማልም፣ ስካንም ያደርጋል። ይህንኑ ቅጽ ሊያሳትም መጥቶ ቀለም አልቆ ነበር። ቀለሙ እስኪገኝ ሲመላለስ ተዋደዱ። ቀለም ተገኝቶም መመላለሱን አልተወም። እናቷ «የዚህ ልጅ ወረቀት አያልቅም እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከቅጹ አንዱ ገጽ «የትዳር ጓደኛ ወይም እጮኛ» ይላል። ያን ጊዜ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና «ይኼን አብረን እንሞላዋለን» አላት። ከዚያ ወዲህ አላነሳውም። እሷም አፍ አውጥታ መጠየቅ ከበዳት፤ ጠበቀች።

አሁን እሱ ወረቀቱን የማሽኑ መስታወት ላይ ይደፋል፣ እሷ ትጫናለች። ኮምፒውተሩም ከየገጹ በኋላ «ሌላ ገጽ ይጨመር?» ይላል።

«መጀመሪያውኑ እኔ ጋ ብትመጣ እንዲህ ነበር የሚያልቀው።»

«አንቺን ላለማስቸገር ብዬ ነው።»

«ቸገረኝ አልኩህ?»

ሳቀ፤ ዓይኗን ግን አላየም።

የመጨረሻውን ወረቀት ሲደፋው በእጥፋቱ አወቀችው። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ርዕሱ፣ ከዚያ የእጮኛ ስም የሚጻፍበት መስመር። መስመሩ ላይ በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፉ «የለም» ብሎ ጽፏል።

ከጓዳ የእናቷ ሬዲዮ ይሰማል።

«እጮኛ አለኝ ካልኩ ጉዳዩ ይጓተታል» አለ በመጨረሻ። «አንዴ ልግባና…»

«እሑድ እናቴ ጋ ምሳ ስትበላ ተጽፎ ነበር?»

«…ነበር።»

ሁሉንም ብታጠፋበት፣ በቀረችው ሰዓት የትም አይደርስም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። እጇ ማውዙ ላይ ቆየ።

«ገጹ ተንጋዷል» አለች። «እንዲህ ከላክነው አይቀበሉህም።»

ክዳኑን ከፍታ ወረቀቱን በጣቷ አቃናችው፤ ደግማ ስካን አደረገችው። «የለም» ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ «ጨርስ» የሚለውን ተጫነችና ለሆስፒታሉ ላከችለት።

«ውለታሽን እኮ…»

«ሂድ በቃ።»

ሄደ። ማሽኑን ልታጠፋ ስትል ያ ገጽ ክዳኑ ሥር እንደተደፋ አገኘችው። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«አንድ ወረቀት ረሳሁ መሰለኝ።»

በሩን ገርበብ አድርጋ አቀበለችው።

«እሱ ነው?» አሉ እናቷ ከጓዳ። «ምን በር ላይ ታቆሚዋለሽ? ይግባ እንጂ።»

እሱ ወረቀቱን ይዞ እንደቆመ በትከሻዋ አሻግሮ ወደ ቤቱ ተመለከተ።

«ሌላ የረሳሁት ነገር አለ?»

«የለም» አለችው፤ በሩንም ዘጋችው።