ከቀዩ ብልቃጥ የጎደለው

ድንቡሼ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። "ድንቡሼ" ቤተሰቦቿ ያወጡላት የቁልምጫ ስም ነው፤ ጉንጮቿ ሞላ ሞላ ያሉ ስለነበሩ ያያት ሁሉ ቆንጠጥ ሳያደርጋት አያልፍም። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል እናቷ የሴቶችን ጥፍር ትሠራለች። በኋለኛው ደግሞ ድንቡሼ፣ እናቷና አክስቷ ይኖራሉ። በመካከል ያለው በር ስለማይዘጋ የቀለሙ ሽታ እስከ አልጋቸው ድረስ ይመጣል። እናቷም "መስኮት ክፈቱ!" ሳትል የዋለችበት ቀን የለም።

ልጆች፣ ይህቺ ድንቡሼ የተለየ ስጦታ ነበራት። ቀለም ታያለች። "እኛስ እናይ የለም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። እናያለን፤ ግን እንደ እሷ አይደለም። እኛ ቀይ ነው ብለን የምናልፈውን እሷ ቆም ብላ፣ "ይሄኛው ቀይ ውስጡ ትንሽ ቡኒ አለበት" ትላለች። እናቷ ልታረጋግጥ ወደ ብርሃን ትወስደዋለች። እውነትም ቡኒ አለበት!

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን ትጨርስና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የራሷን የጥፍር ቀለም ትቀምማለች። ዕቃዎቿ ሁሉ ከእናቷ ሥራ የተራረፉ ናቸው፤ ሊያልቁ የደረሱ ብልቃጦች፣ ተሰባብሮ የተጣለ የዓይን ቆብ መቀቢያ አይሻዶ፣ ስቴኪኒ፣ የፕላስቲክ ማንኪያ። አይሻዶውን እስኪልም ድረስ በማንኪያ ጀርባ ትደቁሰዋለች። ወረቀት እንደ ቀንድ ትጠቀልልና ዱቄቱን ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ኩቴክስ ውስጥ ትጨምራለች። ከዚያ አንዲት ትንሽ የብረት ብይ ጣል ታደርግበታለች። ከዚያስ? ትንጠዋለች ብላችሁ እንዳታስቡ! ከተናጠ አረፋ ይይዛል፤ አረፋውም ጥፍር ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ድንቡሼ ብልቃጡን በሁለት መዳፎቿ መካከል አድርጋ ቀስ እያለች ታንከባልለዋለች። ብይዋ ውስጥ ለውስጥ እየዞረች ቀለሙን ታዋህደዋለች። ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚያጥራቸው ትዕግሥት እሷ ጋ ሞልቶ ተርፎ ነበር።

"ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?" ሲሏት፣ "እጄ" ትላለች።

አክስቷ የእናቷ ታናሽ እህት ናት። ሙያውን ልትማር መጥታ ነው አብራቸው የምትኖረው። ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ጥፍር ስታሳምር ትውላለች፤ የራሷን ግን አንድም ቀን ተቀብታ አታውቅም። "ለእኔ ማን ጊዜ ሰጠኝ!" እያለች ትስቃለች። አንድ ቀን ታዲያ ኮክ ስትበላ የቀላውን ጎኑን አገላብጣ አየችና፣ "እንዲህ ያለ ቀለም ቢኖር እኔም እቀባ ነበር" አለች። ለቀልድ ያለችው ነው። ድንቡሼ ግን ነገሩን ከልቧ ያዘችው።

ያን ሰሞን ሌላ ሥራ አልነበራትም። ነጩ ላይ ቢጫ ጠብ አደረገች። ጥቂት ቡኒ ዱቄት ነሰነሰች። ማንኪያው ላይ ቀብታ እስኪደርቅ ጠበቀች። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩን እንደሚለውጥ ታውቃለችና አትቸኩልም። ሁሉም ልክ መጣላት፤ የጎደለው ትንሽ ቀይ ብቻ ነበር። የእሷ ቀይ ደግሞ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

መደርደሪያው ላይ ግን የእናቷ ቀይ አለ። እንዴት ያለ ቀይ መሰላችሁ! ደማቅም ነው፣ የረጋም ነው። እናቷ ለማንም አትከፍተውም። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ እሳቸው መርጠውት ነው የተቀመጠላቸው። እኚህ ሴት ዘመናቸውን ሁሉ እጃቸው ሊጥ ውስጥ ስለሆነ ጥፍራቸውን ተቀብተው አያውቁም። ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ድንቡሼ እናቷን ብትጠይቅ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኛም የሰንበት ትምህርታችንን ጨርሰን መዝሙራችንን እንዘምር ነበር። ግን አልጠየቀችም። "እምቢ ብትለኝስ?" አለች በልቧ። ማንም ሳያያት ብልቃጡን አወረደች። ከፈተችና አንዴ ጠብ አደረገች፤ ደገመች። ቀለሙ ሲያምርላት ጊዜ ደግሞ ሌላ ጨመረች። ቀና ስትል ብልቃጡ ከአንገቱ በታች ጎድሏል።

ጉድ ፈላ! እናቷ ጠዋት ጠዋት ብልቃጦቿን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳች የማየት ልማድ አላት። የጎደለውን ወዲያው ነው የምታውቀው። ድንቡሼ ፈጠን ብላ ብልቃጡን የምትሞላበት ፈለገች። ዙሪያዋን ስታይ ጠረጴዛው ላይ አሴቶን አገኘች። አሴቶን ጥፍር ላይ ያለ ቀለም የሚጠረግበት ፈሳሽ ነው። ከእሱ ቀዩ ላይ ጨመረችበትና በመዳፏ አንከባለለችው። ብልቃጡ እንደነበረው ሞላ። "አሁን ማንም አያውቅም" አለች። ልጆች፣ እውነት ማንም አያውቅም? አዎ፣ ወደ ላይ የምትጠቁሙትን አይቻለሁ፤ ልክ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ያያል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አክስቷን አስቀምጣ ዐሥሩንም ጣቶቿን ቀባቻት። አክስቷ እጇን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ እንደገና ዘረጋች።

"አንቺ! ይሄ የኮክ ጉንጭ አይደለም እንዴ?"

"ነው፤ ላንቺ ብዬ ነው የሠራሁት።"

"እኔ እኮ ሳወራ ነው! ከምርሽ ሠራሽው?" አለችና አገላብጣ ሳመቻት። እናቷም መጥታ አየች። "እኔ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ ቀለም አላወጣሁም" አለች። በኩራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ድንቡሼ ደስ አላት፤ ግን ዓይኗ በየመሃሉ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ቀይ ብልቃጥ ይሄድ ነበር።

ዓርብ ዕለት ዳቦ ጋጋሪዋ መጥተው ተቀቡ። እናቷ እየቀባች፣ "ምነው ዛሬ ቀጠነብኝ?" አለች። የሙቀቱ ነገር ነው ብላ አንድ ዙር ደረበችበትና አለፈችው። ድንቡሼ ሰምታ ወደ ኋለኛው ክፍል ሹልክ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ በሩን በክርናቸው ገፍተው ገቡ። ዐሥር ጣቶቻቸውን ዘርግተዋል። ግማሹ ጥፍር ተልጧል፤ የቀረውም ተሰነጣጥቋል።

"እስቲ እዩልኝ! ማታ ቀይ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ልጣጩ ትራሴ ላይ ቀርቷል። ነገ ልጄን ስድር፣ የሰው ሁሉ እጅ ስጨብጥ፣ እንዲህ ሆኜ ልቁም?"

እናቷ ብልቃጡን ከፍታ አሸተተች። ቡሩሹን ነክራ ብታነሳው ቀለሙ እንደ ውኃ ወረደ። ፊቷ ተለዋወጠ።

"አሴቶን ገብቶበታል" አለች። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። አክስቷ ሥራውን በጀመረች ሰሞን፣ የወፈረ ቀለም ሊቀጥንላት ብላ አሴቶን ጨምራ የድንቡሼ እናት ተቆጥታት ነበር። ለዚህ ነው እናቷ ሌላ ሰው ያላሰበችው።

"ዳግመኛ አላደርግም ብለሽኝ አልነበር?"

"እኔ አልነካሁትም።"

"ታዲያ ማን ነካው? ብልቃጡ ራሱ ተነስቶ ጠጣ?"

"አልነካሁትም አልኩሽ እኮ!"

"ማጥፋትሽን እችለዋለሁ። መካድሽን ግን አልችለውም። እንዲህ ከሆነ አብረን መሥራት አንችልም።"

አክስቷ ቡሩሿን አስቀመጠች። ሽርጧን ልትፈታ እጇን ወደ ኋላ ላከች። ቋጠሮው እምቢ ብሎ ጣቶቿ ሲታገሉ ድንቡሼ በበሩ በኩል አየቻቸው፤ ዐሥሩም የኮክ ቀለም ናቸው። ሽርጡ ተፈታ። አክስቷ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባችና አልጋ ሥር ያለውን ሻንጣዋን ጎተተች። ልብሷን አንድ በአንድ እያጠፈች ትከት ጀመር። አታለቅስም።

ድንቡሼ ጥግ ላይ ተንበረከከችና፣ "አምላኬ፣ እባክህ አክስቴ እንዳትሄድ አድርግልኝ" ብላ ጸለየች። ጸሎቷን ሳትጨርስ አፈረች። ለምን መሰላችሁ? እግዚአብሔርን የምትለምነው ነገር እሷው ተነስታ በሁለት ቃል ልታደርገው የምትችለው ነበር። ልጆች፣ ይህች ልጅ አስተዋይ ናት የምላችሁ ለዚህ ነው። ከትልልቆቹም ብዙዎቻችን እስከ "አሜን" ድረስ ሄደን እንኳ ይህ አይገባንም።

ተነሳች። ፊተኛው ክፍል ገብታ እናቷና ዳቦ ጋጋሪዋ ፊት ቆመች።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"አሴቶኑን። ለአክስቴ ቀለም ብዬ ቀዩን ወሰድኩ። መጉደሉን እንዳታውቂብኝ አሴቶን ጨመርኩበት። አክስቴ ምንም አታውቅም።" ከዚያ በኋላ እንባዋ ስለቀደማት ሌላ መናገር አልቻለችም።

እናቷ ልጇን አየቻት። ብልቃጡን አየችው። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ኋለኛው ክፍል ነው።

"እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ሳላጣራ ፈረድኩብሽ።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"ልጄ ናት። ያን ቀይ ላንቺ ቀለም ብላ ወስዳው ነው።"

አክስቷ ጥፍሮቿን ቁልቁል አየች። ከዚያ አልጋው ላይ ዘፍ አለችና ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። "ወይ ጉዴ! የተሰረቀውን በዐሥር ጣቴ ተቀብቼ ነው ለካ 'አልነካሁም' ብዬ የምከራከረው!"

እህትማማቾቹ ተቃቀፉ። ድንቡሼም መሃላቸው ገብታ፣ "ይቅርታ፣ አክስቴ" እያለች ተንሰቀሰቀች። አክስቷ አፍንጫዋን ጠረገችላት። ይቅር አለቻት ማለት ነው።

"ይቅርታችሁ ደስ ይላል" አሉ ዳቦ ጋጋሪዋ ከወዲያ ሆነው። "ግን ጥፍሬስ?"

እውነታቸውን ነው። ያ ቀይ ተበላሽቷል፤ እሱን የመሰለ ሌላ የለም። እናቷ የእያንዳንዱን ቀለም ናሙና በሰው ሠራሽ ጥፍር ላይ ቀብታ በቀለበት ሰክታ ታስቀምጣለች። የቀዩን ናሙና አወጣችና ልጇ ፊት አስቀመጠችው።

"ነይ፤ ያበላሸሽውን አንቺው ሥሪ። የምትፈልጊውን ግን አንድ በአንድ ጠይቂኝ።"

ድንቡሼ እንባዋን ጠርጋ ተቀመጠች። "ያንን ሌላውን ደማቅ ቀይ እባክሽ" አለች። ሰጠቻት። "ጥቁሩንም።" ሰጠቻት። ጥቁሩን በስቴኪኒ ጫፍ ብቻ ነካ አድርጋ ጨመረች። አክስቷ ብልቃጡን ተቀብላ አንከባለለች። ማንኪያ ላይ ሲቀቡት ዳቦ ጋጋሪዋ ብድግ አሉ።

"ይሄው ነው! ቀቡኝ!"

"ገና ነው፣ እትዬ። ሲደርቅ ይለወጣል" አለች ድንቡሼ።

ሲደርቅ እውነትም ጠቆረ። ድንቡሼ አልተደናገጠችም። እንደገና ቀይ ጠየቀች፤ እንደገና ቀባች፤ እንደገና ጠበቀች። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ "እኔ ሊጤ ኩፍ እስኪል የምጠብቀውን ያህል አስጠበቀችኝ!" ብለው አጉረመረሙ። በመጨረሻ እናቷ ናሙናውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው። ቆየች። "እስቲ ነይ" ብላ እህቷን ጠራች። "የቱ ነው አዲሱ? እኔ ጠፋኝ።"

አክስቷም ጠፋት። እናቷ ዳቦ ጋጋሪዋን በአዲሱ ቀለም አሳምራ ቀባቻቸው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ እንዲህ አለች፦ "እጅሽ ወርቅ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርከው። ግን እስከምልሽ ድረስ ያለእኔ ፈቃድ ብልቃጥ አትከፍቺም። ቡሩሾቹንም አንቺ ነሽ የምታጥቢው።"

"እሺ፣ እማዬ" አለች ድንቡሼ። ይህን "እሺ" ያለችው ከልቧ ነበር።

ዳቦ ጋጋሪዋ ጥፍራቸው ስላልደረቀ በር መክፈት አይችሉም። ስለዚህ ድንቡሼ እስከ ቤታቸው ተከትላቸው በሩን ከፈተችላቸው። እሳቸውም ደጃፉ ላይ ቆም አሉና ጠየቋት።

"ስትናገሪ አልፈራሽም?"

"ፈርቼ ነበር። አሁንም ትንሽ ፈርቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ተናገርሽ?"

"አክስቴ ልብሷን እያጠፈች ነበር" አለች ድንቡሼ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሊያቅፏት ፈለጉ፤ ግን ቀለሙ እርጥብ ነው። ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ልጆች፣ የደበቅነውን ጥፋት ሌላ ሰው እንዳይሸከመው፣ ስናጠፋ ብንፈራም እንኳ ቶሎ እውነቱን እንናገር።