ድምፅ የሌላት መኪና

ቤት ውስጥ እታለም ነው የሚሏት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ታናሽ እህቷን ያሳደገችው፣ አባቷንም የምትጦረው እሷ ናት። አንድ ቀን እህቷ ቁልፍ ልትወስድ እሷ የምትሠራበት ማስታወቂያ ድርጅት ድረስ መጥታ «እታለም የለችም?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ቢሮው በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እታለም አሏት። እሷም አልተቃወመችም። መቃወም ራሱ ጉልበት ይፈልጋል።

ሥራዋ ለመኪና ቃል መፈለግ ነው። ለጎማ ጽፋለች፣ ለባትሪ ጽፋለች፣ ለሞተር ዘይት ጽፋለች። ለጭነት መኪና «ድካም የማያውቅ ጉልበት» ብላ የጻፈች ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ እንቅልፍ ጥሏት እንደነበር ከባልደረቦቿ በቀር የሚያውቅ የለም።

አዲሲቱ መኪና የመጣችው እታለም እንዲህ ዝላ ሳለች ነው። ከከተማው ዳር ያለው የመኪና ፋብሪካ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ መኪና ሊያወጣ ነበር። አለቃዋ ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ «ይህን ሥራ ካገኘን ዓመቱን ተንፈስ ብለን እንወጣዋለን» አለቻት። እታለም የዚያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ የሰው ክርን ጎኗን እየጎሸማት ሳለ የማስታወቂያው ሐረግ ድንገት መጣላት።

«ትመጣለች፤ ኮቴዋ አይሰማም።»

ፋብሪካው ወደደላት። ዋና ሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ አነበበና «ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ፤ እኛም ዝምታ እንሸጣለን» ብሎ ሳቀ። አለቃዋ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ጨመቀቻት። እታለም ደስ ሊላት ሞከረች።

የማስታወቂያው ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት መኪናዋን በዓይኗ እንድታያት ወደ ፋብሪካው ላኳት። የተቀበላት ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ መሐንዲስ ነው። የመኪናዋን ድምፅ የሚያጠና እሱ ስለሆነ ሠራተኞቹ ጆሮ ይሉታል።

«ሐረጉን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ቆንጆ ነው» አለ። አባባሉ ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው እንጂ የሚያመሰግን ሰው አይመስልም።

ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው መሞከሪያ ሜዳ ወሰዳት። «እዚህ ጋ ጀርባዎን ሰጥተው ይቁሙልኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። መኪናዋ ስትቃረብ እጅዎን ያንሱ» አላት።

ጨፈነች። ከአዳራሹ ውስጥ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል፣ ወፎች ይሰማሉ። ጠበቀች። ገና አልተነሳም ብላ እያሰበች ሳለ የቀሚሷ ጫፍ ተወዛወዘ። ዓይኗን ስትገልጥ መኪናዋ አጠገቧ ደርሳ፣ አልፋት፣ ከፊት ለፊቷ ቆማለች።

ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ ሸሸች። ሰውየው በሩን ከፍቶ ወረደ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። በአፍ ብነግርዎ አይገባም ብዬ ነው» አለ። «አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሱኝ።»

እንደገና ጨፈነች። በዚህኛው ዙር ከሩቅ አንድ ለስላሳ ድምፅ ሰማች፤ ሰው በር ከማንኳኳቱ በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚሰማ ዓይነት። የሚያስደነግጥ አይደለም፤ አለሁ ብቻ ይላል። መኪናዋ ገና ሜዳው መሐል ሳለች እጇን አነሳች።

«ይህን ነው የሠራሁት» አላት አጠገቧ ቆሞ። «እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆየ። መንገድ የምትሻገረው በጆሮዋ ነው። የእርስዎ ሐረግ ከመጣ ወዲህ ግን ድምፁ ከመኪናዋ ይወገድ ተብሏል። መጀመሪያ ለምረቃው ብቻ አሉኝ፤ አሁን ለዘለቄታው ነው።»

«እና ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?»

«ምንም። እኔም ምን እንደማደርግ አላውቅም።» ዞር ብሎ ሜዳውን አየ። «ደክሞኛል።»

እታለም ይህን ቃል በየቀኑ ትሰማለች። ሰው ሁሉ ይለዋል፤ አሳንሰር ሲዘገይም ይለዋል። እሱ ሲለው ግን ከራሷ አፍ የወጣ መሰላትና ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከመካከላቸው ማን ቀድሞ ዓይኑን ከሌላው ላይ እንዳነሳ በኋላ ሲከራከሩበት ኖሩ።

ቀረጻው ሲጀመር ከፋብሪካው በኩል የተመደበው እሱ ነበር። ካሜራና መብራት እስኪስተካከል ሁለቱ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እርስዎ መባባሉ መቼ ወደ አንተና አንቺ እንደተለወጠ አላስተዋሉትም። አንድ ከሰዓት በኋላ እታለም ነቃ ስትል ጃኬቱ ላይዋ ላይ ነው፤ እሱ እንዳትነቃ ብሎ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል።

«አንኮራፋሁ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ይዋሻል እኮ።»

«እንጀራዬ ድምፅ ነው፤ በድምፅ አልዋሽም።»

ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ከዚያ በኋላ ሐረጉ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ለእሱ ምንም ሳትነግረው፣ ማስታወቂያው ሊጸድቅ በተሰበሰቡበት ዕለት ተነስታ ሐረጉ ይቀየር አለች። ድምፅ ያላት መኪና ጨዋ መኪና መሆኗን፣ መጣሁ ብላ የምትመጣ መሆኗን፣ ይህም ራሱ እንደሚሸጥ አስረዳች። ሥራ አስኪያጁ እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ ሌሎቹን ዞሮ አየና «ጆሮ እሷንም አሳመናት ማለት ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሐረጉ በዚያው ጸደቀ።

ደረጃውን ሲወርዱ አለቃዋ ክንዷን ያዘቻት። «እታለም፣ እኔ አንቺን መቆጣት አልችልበትም። ግን ወደ ጎማው ተመለሺ። የዚህን መኪና ነገር ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ «ትመጣለች፤ ኮቴዋ አይሰማም» የሚለው ሐረግ በየአደባባዩ ተሰቀለ። ጆሮ ደወለላት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንዘፈዘፍ አየችው። ሞክሬ ነበር ልትለው ነው? ቃል ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ ይህችን አንዲት ቃል ማን ይገዛኛል ብላ ተወችው። ማታ መልሼ እደውላለሁ አለች፤ ማታ ደከማት፤ በማግስቱ አፈረች። እሱም ሐረጓን እንደመረጠች ቆጠረና ሁለተኛ አልደወለም።

ሳምንታት አለፉ። እታለም ስለ ጎማ ጻፈች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ዳሌያቸውን ታመው ቤት የዋሉ ሰው ናቸው፤ መስኮት ሥር ተቀምጠው ያዩዋታል።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አባዬ።»

«ሥራ የበዛበት ሰው ስልኩን እንደ ዕንቁላል ታቅፎ አይውልም።»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እታለም ልብስ እያጠበች ነበርና አባቷ በከዘራቸው እየተደገፉ ሄደው ከፈቱ።

«ማን ልበል?»

«ከመኪና ፋብሪካው ነኝ። ጆሮ ይሉኛል።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ግባ። እዚህ ቤት ስላንተ የሚወራውን አልሰማህማ።»

«አባዬ፣ ማን ምን አወራ?» አለች እታለም እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ ብቅ ብላ።

«ማንም። እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ይህ ሁሉ ዝምታ ለማን ነው እያልኩ ነበር።»

እህቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እታለም እጇን አደራርቃ ሰውየውን ወደ ውጭ ይዛው ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ትናንት ድምፁን መልሱልኝ ብዬ አለቆቹ ዘንድ ገብቼ ነበር» አለ ጆሮ። «ሥራ አስኪያጁ አንቺ ስብሰባ ላይ ያልሽውን እንደ ቀልድ ነገረኝ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልተሳካልኝማ። ላልተሳካ ነገር ምን ይወራል?»

«እኔ እኮ ሸጠሽኝ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን መጥተህ አልጠየቅከኝም?»

«አዎ ብትዪኝስ ብዬ ፈራሁ።»

አንገቷን ደፋች። ጥፋቱን ለሁለት ሲካፈሉት ቀለል እንዳለ ተሰማት።

«ድምፁስ?» አለችው።

«ማብሪያ ብቻ ፈቀዱልኝ። የፈለገ ያበራዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። አሸንፌ ይሁን ተሸንፌ አልገባኝም። አጠገቡ የሚለጠፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ መጻፍ አልችልም።»

«እና ለእሱ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም። ለእሱ ብዬ መምጣት ይቀለኝ ነበር።»

እታለም የእጆቹን ጀርባ አየች። ሐረግ የምትፈልግ ስትመስል ቆየችና «‹መንገዱ ላይ በጆሮው የሚያይ ሰው አለ፤ እባክዎ ያብሩት› በል» አለችው። ቀስ ብሎ ደገመው። ሲደግመው ድምፁ ተሰበረ፤ እናቱን እያሰበ እንደሆነ አወቀች።

«ስማኝ» አለችው። «እኔ ቤት ሙሉ ሰው አለኝ። አባቴን ጥዬ አልሄድም፣ እህቴም ገና ተማሪ ናት። ቀን ስሠራ ውዬ ማታ ለማንም የሚተርፍ ጉልበት የለኝም። ልቤ ወዶሃል፤ ግን የምሰጥህ የተረፈኝን ነው፤ የሚተርፈኝ ደግሞ ጥቂት ነው።»

«እኔም እናቴ አለች። እኔም የሚተርፈኝ ጥቂት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አብረን እንድከም።»

እታለም ራሷን ትከሻው ላይ ጣለችና ዓይኗን ጨፈነች። ከላይ አባቷ መስኮቱን ሲዘጉ ተሰማ፤ አውቀው ጮክ አድርገው ነው የዘጉት።

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተጋቡ። መኪናዋ በደንብ ተሸጠች፤ ድምፁን የሚያበራ አለ፣ የማያበራም አለ። ጆሮ እናቱን ይዞ ወደ እነ እታለም ቤት ገባና ክፍሎቹ ጠበቡ። አባቷና እናቱ በሬዲዮ ጉዳይ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ አንዳቸው ሲተኙ ግን ሌላኛቸው ይዘጉታል። ባልና ሚስቱ ማታ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት አይኖራቸውም፤ ሁለቱም ዝለዋል። ብቻ አንደኛው ወንበሩን ወደ ሌላኛው ጠጋ ያደርጋል።