ከግድቡ ሥር የተቀበረ ቀይ አፈር

«እዚሁ እንሙላው» አለች አምሳል፣ የባሬላውን የፊት እጀታ ለቃ።

ማናየሽ የኋላውን እጀታ እንደያዘች ቀረች። የቆሙት ቀይ አፈር ተቆፍሮ ከወጣበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። አሸዋ የሚታጠብበት ወንዝ ገና የግማሽ ሰዓት መንገድ ይቀረዋል። ከጠዋት ጀምረው ሲመላለሱ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል፤ የግንቦት ፀሐይም አናት ይበሳል።

«ጋሽ ነጋ የታጠበ አሸዋ ነው ያሉት» አለች ማናየሽ።

«ጋሽ ነጋ አሁን የት አሉ? ማዶ ናቸው። ፋራ አትሁኚ ባክሽ! ከላይ አሸዋ እንነሰንስበታለን፤ ከዚያ ድንጋይ ይደረደርበታል። ማን ቆፍሮ ያያል?»

ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነበር። ከዳንግላ ከተማ በላይ ያለው የመጠጥ ውሃ ግድብ በንጉሡ ዘመን ከአፈር የተሠራ ነው። ያኔ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ከግድቡ በታችም ከግጦሽ ሜዳ በቀር ምንም አልነበረም። አሁን ግን እዚያው ሜዳ ላይ ሃያ ያህል ቤቶች ቆመዋል። ከበላይ የመጡ ባለሙያዎች ግድቡን መርምረው «አርጅቷል፤ ዘመኑ በሚጠይቀው ደንብ መጠናከር አለበት» ብለው ሄዱ። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ እንዲሰፋ፣ የግድቡም ግርጌ በታጠበ አሸዋና በጠጠር እንዲለብስ ታዘዘ። ጉልበቱን ሕዝቡና ተማሪው በዘመቻ ያዋጣል ተባለ።

ሥራውን የሚመሩት ፎርማኑ ጋሽ ነጋ ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እነ ማናየሽን፣ ስምንተኛ ክፍሎቹን፣ ሰብስበው እንዲህ አሏቸው፦

«ልጆች፣ ግድብ ሁሉ ያልበዋል። የሚወጣው ላብ ንጹሕ ከሆነ አትፍሩት። አፈር ይዞ ከወጣ ግን ሆዱ እየተቦረቦረ ነው ማለት ነው። ይኼ አሸዋ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል። ጭቃ ካለበት ግን አፍኖ ይይዘውና ውሃው በሌላ በኩል ይፈነዳል። ስለዚህ እጠቡት። ሁለቴ እጠቡት።»

ከእሳቸው ቀጥሎ የተናገረው የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ውብአየሁ ነበር። እሱ ስለ አሸዋ አላወራም። «ክረምት ሳይገባ ድርሻውን ያልጨረሰ ቡድን አሻጥረኛ ነው!» አለ፣ ጣቱን እየቀሰረ።

አምሳል ያን ቃል ታውቀዋለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች «አሻጥረኛ» ተብለው ከስፌት መኪናቸው ላይ ተነሥተው ተወሰዱ፤ በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እናቷ በር በተንኳኳ ቁጥር ሥራቸውን ጥለው ጓዳ ይገባሉ። አምሳል የቡድን መሪ የሆነችው ወድዳ አይደለም፤ ጓድ ውብአየሁ ነው ከመዝገብ ላይ ስሟን አይቶ «አንቺ ትመሪያለሽ፤ እናይሻለን» ያላት።

ስለዚህ ማናየሽ ያን ቀን የጓደኛዋን ፊት አየች። አካፋውን አንሥታ ቀዩን አፈር ሞላች። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲያ አደረጉ። ከላይ ስስ አሸዋ ነሰነሱበት። ቡድናቸው ቀድሞ ጨረሰና ተጨበጨበለት።

ድንጋዩ ከመደርደሩ በፊት ጋሽ ነጋ መጥተው ጎንበስ አሉ። ጥቂት አሸዋ ዘግነው በጣታቸው አሹት።

«እስከ ታች እንዲህ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ሁሉም የታጠበ ነው» አለች አምሳል።

ጋሽ ነጋ ወደ ማናየሽ ዞሩ። ማናየሽ ጫማዋን አየች። ከማዶ ጓድ ውብአየሁ «ነጋ! ምን ትጠብቃለህ?» እያለ ይጣራል። ጋሽ ነጋ ፈረሙ።

ክረምቱ እንደዚያ ዓመት ከብዶ አያውቅም። ሐምሌን ሙሉ ሲዘንብ ከረመ፤ ነሐሴ ሲገባ ግድቡ እስከ አፉ ሞላ። መስከረም ሁለት፣ በአብዮት በዓል፣ እንግዶች መጥተው ስለሚመርቁት ውሃው እንዳይቀነስ ትእዛዝ ወጣ።

አንድ ከሰዓት ማናየሽ እናቷ ልከዋት ከግድቡ በታች ወዳለው ሰፈር ወረደች። እትዬ ዘውድነሽ ከጓሯቸው ቆመው ለልጆቻቸው በአገውኛ ሲናገሩ ደረሰች። ሲያይዋት ወደ አማርኛ መለሱት።

«ነይማ ማናየሽ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይኼ ምንድን ነው? ከትናንት ወዲያ ነው የጀመረው።»

ከድንጋዩ ድርድር ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከሣሩ መካከል፣ ውሃ ይፍለቀለቃል። እንደ ድስት ይንተከተካል። ቀይ ነው።

ማናየሽ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እ... አላውቅም፣ እትዬ» አለች። የመጣችበትን ጉዳይ እንኳ ሳታደርስ ተመለሰችና በቀጥታ ወደ አምሳል ቤት ሮጠች።

«ክረምት አይደል እንዴ? ውሃ ሁሉ ይደፈርሳል» አለች አምሳል። ፊቷ ግን አመድ መስሏል። እናቷ እንዳይሰሙ ማናየሽን ወደ ጓሮ ሳበቻት። «ብትናገሪ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ። እኔ ልሂድ፣ ግድ የለም። እናቴስ? ደግሞ ብትሰማ በዚያው ታልቃለች። ሁለት ቀን ብቻ እንይ፣ ማንዬ። ምናልባት ይቆማል።»

ማናየሽ ሁለት ቀን ብላ ሦስት ቀን ቆየች። በየቀኑ ሄዳ አየችው፤ በየቀኑ ሰፍቶ አገኘችው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ነጋን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ አገኘቻቸው።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሁለቱ ቀን፣ ስለሚፈላው ቀይ ውሃ። ጋሽ ነጋ አንድ ጊዜም አላቋረጧትም።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«እኔ ካየሁት ሦስት ቀን አልፎታል።»

«ሦስት ቀን...» አሉና ካፖርታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። «ሩጪ። ከታች ያለውን ሰው ሁሉ ውጡ በይ። ልጅና ሽማግሌ ይዘው ወደ ኮረብታው ይውጡ። ዕቃ አይበሉ።»

እሳቸው ወጥተው የግድቡን የታች ማስለቀቂያ በር በመፍቻ ከፈቱት። ማንንም አላስፈቀዱም። ጓድ ውብአየሁ ደርሶ «ዝጋው! የበዓሉን ውሃ ነው የምታፈሰው!» ብሎ ጮኸባቸው። ጋሽ ነጋ መፍቻውን ይዘው ከቦታው አልነቃነቅም አሉ። ውሃው ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ማናየሽ ሮጣ ያስወጣችው ሰው ሁሉ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ያያል። የእትዬ ዘውድነሽ ባል፣ አያ ደሴ፣ በሬዎቻቸውን በረት ውስጥ አስረው መምጣታቸው ሲከነክናቸው አድሯል።

«ውሃው እኮ ወርዷል። ፈትቼ እመለሳለሁ» አሉ።

«ደሴ፣ ተው!» አሉ ሚስታቸው። አያ ደሴ ግን ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወረዱ።

ማናየሽ ወደ በረቱ ሲገቡ አየቻቸው። አንዱን በሬ ይዘው ሲወጡም አየቻቸው። ያኔ የግድቡ ግርጌ፣ የእነሱ ቡድን ድርሻ የነበረው ቦታ፣ እንደ ረጠበ እንጀራ ተቀደደ። ድምፁ ቆይቶ ነው የመጣው። ቀዩ ውሃ አራት ቤት፣ በረቱን፣ በሬዎቹንና አያ ደሴን ይዞ ሄደ። ግድቡ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ሃያውም ቤት አይተርፍም ነበር፤ ውሃው ከተማው ድረስ ይገባ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ተናገረ፤ የተናገረው ግን በሹክሹክታ ነው።

በዚያው ቀን ማታ ጋሽ ነጋ ታሰሩ።

አስከሬኑ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ማናየሽና አምሳል ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ጥግ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘውድነሽ ድምፃቸው ተዘግቶ ይወዛወዛሉ። ከጎናቸው የጋሽ ነጋ ሚስት፣ እትዬ በቀለች፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ለጎረቤታቸው ይነግራሉ።

«ያለ ፈቃድ ውሃ ለቀቀ፣ ግድቡን በአሻጥር አፈረሰ ነው ክሱ። ማክሰኞ ወደ ደብረ ማርቆስ ይልኩታል። ስንቅ ሳቀብለው ‹ምነው እውነቱን ብትናገር? አሸዋውን አንተ አላመጣኸውም› ስለው፣ ‹ሳልቆፍር የፈረምሁት እኔ ነኝ› ብሎኝ አረፈው። የማንንም ስም አልጠራም።»

አምሳል ብድግ ብላ ወጣች። ማናየሽ ተከተለቻት። ከአጥሩ ጀርባ ስትደርስ አምሳል ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ አገኘቻት።

«እሺ በይ፣ ፍረጂብኝ» አለች አምሳል ሳትዞር።

«አካፋውን የያዝሁት እኔም ነኝ። ሦስት ቀን ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ብናገር ኖሮ አያ ደሴ ይተርፉ ነበር» አለች ማናየሽ።

«ብትናገሪ የሚፈቷቸው ይመስልሻል? አይፈቷቸውም። እኛን ይጨምሩናል እንጂ።»

«ላይፈቷቸው ይችላሉ።»

«እና?»

ከውስጥ የእትዬ ዘውድነሽ ትንሿ ልጅ አባቷን በአገውኛ ስትጠራ ይሰማል።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ እሄዳለሁ» አለች ማናየሽ። «የራሴን ነው የምናገረው። የቡድኑ ዝርዝር ግን እነሱ እጅ ነው፤ መሪዋ ማን እንደነበረች ያውቃሉ። ሳልነግርሽ መሄድ አልፈለግሁም። እናትሽ ካንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።»

አምሳል ዞር አለች። ልትሰድባት ነበር የመሰለው። አልተሳደበችም። «አንቺ አባት አለሽ» አለችና ሄደች።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ማናየሽ ለእናቷና ለአባቷ ማታውኑ ነግራቸዋለች። አባቷ እስኪነጋጋ ድረስ አልተኙም። ጠዋት «አብሬሽ ልምጣ» ሲሏት «እርስዎ ይቅሩ፣ አባዬ፤ ሁለታችንንም አንድ ጊዜ እንዳይዙን» አለቻቸው። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቀበሌው በር ላይ የደረሰችው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። ቆማ ጠበቀች። ከአምሳል ሰፈር የሚመጣው መንገድ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሩቅ ድረስ ይታያል። አንዲት ሴት እንስራ ተሸክማ አለፈች። ሁለት አህዮች አለፉ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ከሩብ ሆነ።

የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ፈልገሽ ነው እዚህ የተገተርሽው?»

«ቃል ልሰጥ ነው የመጣሁት። ስለ ግድቡ።»

ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አያት። «ብቻሽን ነሽ?»

ማናየሽ መንገዱን አንድ ጊዜ መለስ ብላ አየችው።

«ብቻዬን ነኝ» አለችና ገባች።