ዘብ ያልደረሰበት አፍ

ልብስ ሰፊዋ አፋቸው ውስጥ ነጭ ሽፋን እንደተጋገረ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። አስከሬኑ ሳይነሳ ልጃቸው ጣቱን ሚስቱ ላይ ቀሰረ።

«የእናቴን ሾርባ የምትሠራው እሷ ናት! በመርዝ ጨርሳታለች!»

«ዓይኗን በጨው አጥባ ደግሞ ታለቅሳለች!» አሉ አክስቱ፣ የሟች ታናሽ እህት።

ምራቲቱ የሚጠባ ልጇን እንዳቀፈች ቀረች። ፖሊስ በር ላይ ቆሟል። እሷ ብትታሰር ሕፃኑን ማን ያጠባዋል? አንድ የጠየቀ የለም፤ ወይ ጭካኔ!

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ግን «ቆዩ» ብላ ወደ አስከሬን መርማሪው ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ ከማይክሮስኮፑ ቀና አላለም።

«መርዝ የለም፤ ፈንገስ ነው። በሁላችንም አፍ ውስጥ አለ፣ ጨዋ ጎረቤት ነው። ሲባልግ ግን ክር ያበቅልና ሕዋስ በስቶ ይገባል። የተበሳው ሕዋስ ኡኡ ይላል፤ የሰውነት ዘቦች፣ ነጭ የደም ሴሎች፣ ይደርሱለታል። እዚህ ክሩ ደም ስር ድረስ ዘልቋል፣ የደረሰ ዘብ ግን የለም።»

«ለምን?»

«ዘቡን የሚያስተኛ ክኒን ደማቸው ውስጥ አለ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጥ ነው። ለእሳቸው ያዘዘ ሐኪም የለም።»

በማግስቱ ወስፌ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መገጣጠሚያ የሚያመው ማነው?»

«እኔ» አሉ አክስቲቱ።

«ክኒንዎን ይወስዳሉ?»

«አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም። ፋርማሲውን ጠይቂ፣ በየወሩ አወጣለሁ።»

ወስፌ የውሃ ጠርሙስ አቀበለቻቸው። ክዳኑን ታገሉት፤ ያበጡት ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ። ምራቲቱ ተቀብላ ከፈተችላቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?» ስትል ወስፌ ጠየቀቻት።

«ሦስት ወር ሆናቸው። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን በዘይት አሽላቸዋለሁ፣ ልብሳቸውንም እቆልፍላቸዋለሁ።»

«የሟች አፍስ መቼ ታመመ?»

«ከዚያ ትንሽ ቆይቶ።»

ወስፌ ወደ አክስቲቱ ዞረች። «ክኒኑን ቢውጡት ጣትዎ ይታጠፍ ነበር። እሷ ሰርቃዎት ቢሆን ገና ያኔ ቤቱን በጩኸት ያናውጡት ነበር። አልጠፋም፣ አልዋጡትም። ታዲያ ከእህትዎ ሆድ ሌላ የት ገባ?»

«አክስቴ?» አለ የሟች ልጅ።

«ቫይታሚን ነው አልኳት፤ አመነችኝ።» ምንም አላፈሩም። «ሐኪሜ ‹ለሌላ እንዳይሰጡ፣ ይገድላል› ብሎኝ ነበር። አርባ ዓመት በምትሰፋው ልብስ ላይ ቁልፍ ስተክል ኖርኩ፤ ደንበኛ ፊት አንድ ቀን ‹እህቴ› ብላኝ አታውቅም። ‹ሠራተኛዬ ናት› ነው የምትለው! ጣቴ በጠዘጠዘኝ ቁጥር፣ እሰይ፣ ክኒኑ እሷ ጋ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።»

ፖሊሱ «ይነሱ» አላቸው። ኮታቸውን ደርበው ቁልፉን ታገሉት፤ አልሆነላቸውም። ምራቲቱ በልማድ እጇን ዘረጋች፤ መሃል ላይ መለሰችውና ልጇን አስጠጋች።

ባሏን አየችው።

«አንተ ቆልፍላቸው» አለችው።