የእማማ ገላኔ የጠዋት ፀሐይ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው... ይህ ግን የሆነ ነገር ነው።

የደረሰባት ጓደኛዬ ናት። ሚካል ትባላለች። በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም አልላችሁም። ይህን ስትነግረኝ ግን እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ነበር።

ጊዜው ያለፈው ዓመት ጥቅምት ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ። ቦታው ለቡ፣ ከመብራት ኃይል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ግቢ።

ሌሊት አልነበረም። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ከዋናው መንገድ የታክሲ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ!» ሲል ይሰማል።

እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሚካል ሥራዋ መብራት ነው። ፊልም ወይም ቴአትር ሲሠራ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የማን ፊት እንደሚበራ፣ የማን እንደሚጨልም የምትወስነው እሷ ናት። በጠራራ ቀን ጨረቃ ትሠራለች። ዝናብ እየዘነበ ፀሐይ ታወጣለች።

ሥራው ግን ብቸኛ ያደርጋል። ሰው የሚያየው የበራለትን ነው። ከመብራቱ ጀርባ ጨለማው ውስጥ የቆመችውን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ሥራ ሲያልቅ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ብቻዋን ወደምትኖርበት ቤት ትገባለች። በሩን ከፍታ «መጣሁ» ትላለች...

ለማንም። ልማድ ሆኖባት ነው።

የዚያን ቀን ቀረጻው እማማ ገላኔ የሚባሉ አሮጊት ቤት ነበር። ሰፈሩ የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን እሳቸውና ባለቤታቸው በንቲ አርሰውበታል። በንቲ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸውም አግብታ ሰበታ ነው የምትኖረው። ማሳው ቤት ሆነ፣ ቤቱ ፎቅ ሆነ። በመጨረሻ ከሳሎናቸው መስኮት ፊት ለፊት፣ በእጅ የሚነካ ያህል ተጠግቶ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ ፀሐይ አላየም። በቀትር እንኳ ያለ አምፖል አይታይበትም።

ዳይሬክተሩ ቴዎ ደግሞ የሚፈልገው የጠዋት ፀሐይ ነው።

ሚካል በሕንፃውና በመስኮቱ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ተሽሎክልካ ገባች። ትልቁን መብራት ረጅም ስታንድ ላይ ሰቀለች። ብርቱካንማ ላስቲክ ሸፈነችበት። አበራችው።

ሳሎኑ ባንዴ ነጋ።

እማማ ገላኔ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«ፀሐዬ...» አሉ። «ፀሐዬ መጣች...»

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ሰው ግን አይለዩም። ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው ከሁለቱ የእንጨት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ለመስኮቱ ሰጡ። የሚያስነሳቸው አልተገኘም። በስንት ልመና ጓዳ ገቡና ቀረጻው ተጀመረ።

«ሚካል!» አለ ቴዎ፣ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጦ። «ግድግዳው ላይ ጥላ ወድቋል። ስታንድሽን ፈቀቅ አርጊልኝ።»

ፈቀቅ አደረገችው።

«አሁንም አለ።»

«የስታንድ አይደለም ቴዎ።»

«ታዲያ የማነው? መስኮቱ ጋ ማነው የቆመው?»

ማንም አልቆመም።

ቴዎ ችኮላ ላይ ነበር። ካሜራውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሮ ሥራውን ቀጠለ።

አስር ሰዓት ላይ ቀረጻው አለቀ። መኪናው ሰዎቹንና ከፊሉን ዕቃ ጭኖ ሄደ። ሚካል እስኪመለስ መጠበቅ ነበረባት። ትልቁን መብራት ልታጠፋው እጇን ሰደደችና ተወችው። መኪናው እስኪመጣ ይብራላቸው አለች በሆዷ።

ከመብራቱ ጀርባ ቆማ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

እማማ ገላኔ ወንበራቸው ላይ ተመልሰዋል። በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያወራሉ። ዝም ይላሉ... እንደሚያዳምጥ ሰው። ከዚያ ይስቃሉ።

ስልክ የያዙ መሰላት። እጃቸው ባዶ ነው።

ከዚያ ግድግዳውን አየች።

የእማማ ገላኔ ጥላ አለ። ከጎኑ ሌላ ጥላ አለ። የተቀመጠ ሰው። ባርኔጣ ያደረገ።

ሁለተኛው ወንበር ላይ ግን ማንም የለም።

ሚካል ዕድሜዋን ከጥላ ጋር የጨረሰች ሴት ናት። በጥላ አትደነግጥም። መጀመሪያ ምክንያት ፈለገች። መጋረጃው ይሆን? የሕንፃው ቧንቧ? እጇን መብራቱ ፊት አወዛወዘች። የእጇ ጥላ ግድግዳውን አቋርጦ አለፈ። ባለባርኔጣው ንቅንቅ አላለም።

ጥላ ከብርሃን ይሸሻል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የእማማ ገላኔ ጥላ፣ የጠረጴዛው ጥላ፣ የወንበሮቹ ጥላ... ሁሉም ከመስኮቱ ሸሽተው ወደ ጓዳው አዘንብለዋል።

ያኛው ብቻ ወደ መስኮቱ አዘንብሏል።

ወደ እሷ።

እንደ ምንም ዞራ ሳሎኑ በር ላይ ደረሰች።

«እማማ... ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ቀስ በይ...» አሉ በሹክሹክታ። «ይደነግጥብኛል።»

«ማን?»

«በንቲ ነዋ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ፀሐይ ይሞቅ ነበር እኮ። ከሞተም በኋላ አልቀረብኝም። ፎቁ ፀሐዬን ሲወስድብኝ ነው የቀረው።»

ሚካል ግድግዳውን ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እማማ... ባርኔጣ ያደርጉ ነበር?»

«ማ? በንቲ?»

«አዎ።»

«በንቲ ባርኔጣ አድርጎ አያውቅም። ያፍነኛል ይል ነበር።»

የእማማ ገላኔ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ በቀስ ጠፋ። ባዶው ወንበር ላይ አሳርፈውት የነበረውን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምን አይተሽ ነው?»

«ላጥፋው እማማ። መብራቱን ላጥፋውና አብረን እንውጣ።»

አሮጊቷ የሚካልን እጅ አፈፍ አደረጉ። ጣታቸው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

«አታጥፊው!»

«እማማ፣ እሳቸው አይደሉም...»

«ሰማሁሽ።» እጇን አለቀቁም። «ማንም ይሁን ልጄ... ማንም ይሁን። ብቻዬን አታድርጊኝ።»

ሚካል ይህን ልመና ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቃል አውጥታ ለምናው ባታውቅም፣ ስንት ምሽት በሆዷ ብላዋለች።

ውጭ የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ።

ትልቁን መብራት ትታ መሄድ አትችልም። ወጥታ አጠፋችው። ሳሎኑ ጨለመ፣ ጥላዎቹም ጠፉ። ያኛው ግን... ለመጥፋት አልቸኮለም።

ከቦርሳዋ የራሷን ትንሽ መብራት አወጣች። የመስኮቱ ብረት ላይ አስራ ብርቱካንማውን ላስቲክ አለበሰችው። ገመዱን በመስኮቱ አስገብታ ሶኬቱ ላይ ሰካችው። ወደ ውስጥ ሳታይ አበራችው።

«ተባረኪ...» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማች።

ሮጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ቀናቱ እንዴት እንደነጎዱ አታውቀውም። ጥሩ አደረግሁ ትላለች፣ ደግሞ ምን አደረግሁ ትላለች። በመጨረሻ አላስችል ሲላት፣ አንድ እሁድ ቀትር ላይ፣ ሙዝ ገዝታ ወደ ለቡ ሄደች።

በሩን የከፈተችላት ሌላ ሴት ናት። ሴና፣ የእማማ ገላኔ ልጅ።

«እናቴን ወደ ሰበታ ወስጃታለሁ» አለች። «ብቻዋን ስታወራ አገኘኋትና ፈራሁ።»

«አሁን ደህና ናቸው?»

«ትበላለች፣ ትጠጣለች። ድሮ ብርሃን እንኳ ትለይ ነበር። አሁን ፀሐይ ላይ ስናስቀምጣት... ‹መቼ ነው የሚነጋው?› ትለናለች።»

ሚካል የያዘችው ሙዝ ከበዳት።

«መብራቱ ያንቺ ነው አይደል?» ሴና ከበረንዳው ላይ አንስታ ሰጠቻት። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል። «እናቴን የወሰድኩ ዕለት ነው የነቀልኩት። ቆጣሪውን አጥፍቼ ሳሎኑንም ቆልፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የገባ ሰው የለም።»

ሚካል አመስግና ወጣች። መብራቷን አቅፋ ቤቱን ዞር እንዳለች ዓይኗ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ተወረወረ።

የሕንፃው ግድግዳ ላይ ብርቱካንማ ብርሃን አርፏል።

ከመስኮቱ የወጣ ብርሃን።

ሂጂ፣ ውጪ አለች ለራሷ። እግሯ ግን አልሰማትም። ተጠጋች። በመጋረጃው ክፍተት አየች።

ሳሎኑ ነግቷል።

ወንበሮቹ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ግድግዳው ላይ ባለባርኔጣው ጥላ ተቀምጧል።

ጥላው አንገቱን ቀና አደረገ። እንግዳ ሲመጣ «ኖር» ብሎ እንደሚነሳ ጨዋ ሰው... ቀስ ብሎ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ፣ የእማማ ገላኔ ወንበር ካለበት ሳይነቃነቅ... የወንበሩ ጥላ ብቻውን፣ ግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ፣ ወደ መስኮቱ ተጠጋ... ተቀመጪ እንደማለት።