ስልባቦት የሌለው ሻይ

ኢንስፔክተር አለምነሽ ከጂንካ ተጠርታ ወይጦ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት አቶ ነጋሽ በገዛ ሻወር ክፍሉ፣ ጭንቅላቱ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ተደፍቶ ጠዋት ተገኝቷል። የሚጥል በሽታ ስለነበረበት መጀመሪያ «በሽታው ጣለው» ተባለ። ማጅራቱ ላይ የጣት ሰንበር ሲታይ ግን ወሬው ተገለበጠ።

ክፍሉ ለሕያውም ለሙትም የሚያስጠላ ነበር። ግድግዳው አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሷል፤ በፍሳሹ አፍ ላይ የስንቱ እንግዳ ጸጉር ተጠቅልሎ ይሸታል። የቧንቧው አፍ በነጭ ቅርፊት እንደ ኪንታሮት አብጧል። አለምነሽ ብትከፍተው አንዴ አስሎ ዝም አለ። የወይጦ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስላለበት ቧንቧን ከውስጥ እየለበጠ ይዘጋል፤ ይህን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም።

ወደ ደጅ ስትወጣ የቤቱ ወጥ ሠሪ ቤዚ ሻይ አቀረበችላት። አለምነሽ ግማሹን ጠጥታ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ሻይሽ ግሩም ነው። የወይጦ ሻይ ሁልጊዜ ከላይ ስልባቦት ይይዛል፣ ጨው ጨው ይላል። ይሄ ጥርት ያለ ነው። ውሃው ከየት ነው?»

ቤዚ አንገቷን ደፋች። «ከበርሜሉ።»

«ከየትኛው በርሜል?»

«ከዚያው ነዋ! የግቢው ቧንቧ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፤ የቀረችኝ አንዲት ጀሪካን ናት። ለቀስተኛ መጣ፣ ፖሊስ መጣ፣ ምን ላድርግ? ጋሼን ካወጧቸው በኋላ ከላይ ከላዩን ደፍቼ ቀዳሁ። ደግሞ በደንብ ፈልቷል እኮ!»

ኢንስፔክተሯ አጥሩ ጥግ ደርሳ አስመለሳት። በርሜሉን መጠበቅ የነበረበት ሳጅን በረከት ሁለተኛ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እንዲህ ያለ ጠባቂ ካለ ገዳይ ምን ያስቸኩለዋል? አለምነሽ አፏን ጠርጋ ስትመለስ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ብቻ አልነበረም።

የታሰረው ከወላይታ መጥቶ በቧንቧ ሥራ የሚተዳደረው ያቤጽ ነው። ትናንት ከነጋሽ ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል፤ ያደረውም ከሻወሩ አጠገብ ባለው ክፍል ነው። በካቴና ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ተጠፍሯል። ከአጥሩ ውጭ ጎረምሶች ድንጋይ ይዘው ይጠብቁታል።

«ቶሎ ጂንካ ካልላክነው ይወግሩታል» አለ ሳጅኑ።

«ንጹሕ ከሆነስ? ገዳይ ተብሎ ከሄደ በኋላ ስሙን አንተ ልትመልስለት ነው?» ብላ ወደ ያቤጽ ዞረች። «ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

«ቧንቧው ነው፣ እትዬ። ቀይርልኝ አሉኝ። ብቀይረውም ተመልሶ ይደፈናል፤ ይልቅ የጣሪያውን የዝናብ ውሃ ወደ ቤት ያዙሩት አልኳቸው። ጮኹብኝ፤ ኋላ ግን ተስማሙ። ማታ ለወንድሜ እነግረዋለሁ ብለው ወጡ።»

«በርሜሉ ትናንት ውሃ ነበረው?»

«ኧረ ደረቅ ነው! ገልብጬ ተቀምጬበት ነው የሠራሁት።»

ቤዚም ይህንኑ መሰከረች።

የነጋሽ ወንድም ደምሰው ግቢው በር ላይ ራዲያተር ይጠግናል። በለቅሶው ከሁሉ በላይ የጮኸው እሱ ነው፤ ደረቱን እየደቃ መሃል ላይ ቆም ብሎ ማን እንዳየው ይቃኛል። ከሱቁ ኋላ የአልጋ ቤቱ ጣሪያ አሸንዳ የሚሞላው ታንከር አለ፤ ክዳኑ ተቆልፏል።

«ይሄ ውሃ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለራዲያተር ነዋ። የጉድጓዱን ብጨምር ይደፍነዋል። ሾፌር ሁሉ የሚቆምልኝ ለዚህ ውሃ ነው።»

«ሌላ ሰው ይቀዳዋል?»

«ማን ደፍሮ! ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ሚስቴ እንኳ ጠብታ አታገኝም።»

አለምነሽ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች፤ የሟቹን ሚስት ከበቡሽን፣ ደምሰውን፣ ቤዚን፣ ያቤጽን ከነካቴናው። ሁለት ሳህን አስቀመጠች።

«ይሄ በጀሪካን የተረፈው የቧንቧ ውሃ ነው» ብላ ሳሙና አሸችበት። ሳሙናው እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራርጦ ዝቃጭ ሆነ። «ይሄ ደግሞ የበርሜሉ ነው።» ነጭ አረፋ ሳህኑን ሞልቶ ፈሰሰ።

ለቀስተኛው ሳህኖቹን ለማየት ተጠጋ።

«የሻወሩ ቧንቧ ተደፍኗል። የግቢው ጠፍቷል። በርሜሉ ትናንት ደረቅ ነበር፤ ሌሊቱን አንድ ሰው ሞላው። ነጋሽ በበሽታው ወድቆ ቢሆን የሚሰጥምበት ውሃ አልነበረም። የሞላው ውሃ እንዲህ አረፋ የሚሰጠው ኖራ ስለሌለው ነው፤ የዝናብ ውሃ ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ደግሞ ከርሟል። በዚህ ግቢ የዝናብ ውሃ ያለው ማን ነው?»

«ይሄ ልጅ ሰርቆኝ ይሆናላ!» አለ ደምሰው።

«ቁልፉን ካንገትህ አውልቆ? ነጋሽ ማታ ወደ አንተ የመጣው ጣሪያውን ሊወስድብህ ነው። ማጅራቱን ይዘህ እዚያው ታንከርህ ውስጥ ደፈቅከው። ከዚያ ሬሳውን ያቤጽ ከተኛበት አጠገብ ወዳለው ሻወር ተሸክመህ፣ በሽታው ጣለው እንዲባል ከራስህ ውሃ በርሜሉን ሞላህ። ሰንበሩ ቢታይ እንኳ ጦሱ ለእሱ እንዲተርፍ።»

ደምሰው እንደ ጠዋቱ አልጮኸም። «ጣሪያውን ከወሰደብኝ ምን ልበላ ነበር?» አለ፤ የገደለው ወንድሙን ሳይሆን የጓዳ አይጥ ይመስል።

ከበቡሽ እጆቿን በቀሚሷ እየፈገፈገች ተነሳች። «ለባሌ ገላ ማጠቢያ ውሃ ብለምንህ ‹ከበርሜሉ ቅጂ› አልከኝ! በዚያው አጠብኩት! አንተ አውሬ!»

ሳጅኑ ካቴናውን ከያቤጽ ፈትቶ ደምሰውን አሰረበት። ከበቡሽ ወደ ያቤጽ ቀረበች።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ሥራውንም ጨርስልኝ፤ ነጋሽም የፈለገው ይሄንኑ ነበር።»

ያቤጽ የተላጠ የእጁን አንጓ አሸ። «ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ። ሥራውን ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ። ጠዋት ‹ዓይኑን አውጡት› ብለው ለጎረምሶቹ በሩን የከፈቱላቸው እርስዎ ነዎት።»

መፍቻዎቹን በከረጢት ሰብስቦ ወጣ። ጎረምሶቹ ድንጋያቸውን ጥለው መንገድ ለቀቁለት። አንዱ «አይዞህ ወንድሜ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ያቤጽ የራሱን እጅ ኪሱ ከትቶ አለፈው።