ሆድ ዕቃው የተከፈተ ኮምፒውተር

ሬዲዮ ጠጋኙ ሀያቱ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ የተገኘው በ1982 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አርብ ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ቀኝ እጁ ሆድ ዕቃው በተከፈተ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አርፏል። ኮምፒውተሩ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ጭን ላይ አስቀምጠው የሚሠሩበት ዓይነት ሲሆን፣ መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ያየ ሰው በጣት ይቆጠራል። ገመዱ መሃል ለመሃል አንድ ጥቁር ሳጥን አለው፤ ጫፉ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ የሟቹ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። ያየው ሁሉ «ኤሌክትሪክ ገደለው» ብሎ ፈረደ።

መቶ አለቃ ደብሪቱ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ወዳለው ሱቅ የደረሰችው በእግሯ ነው፤ ለጣቢያው መኪና ቤንዚን የለም። አለቃዋ «እስከ አስራ አንድ ሰዓት ዝጊልኝ» ብሏታል፤ ሰው የሞተበትን ነገር እንደ ሱቅ በር። እሷም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ልትለው አስባ ምላሷን ነክሳ ወጥታለች። በሩ ላይ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጎበዜ የማሸጊያ ወረቀት፣ ማኅተምና የሱቁን ቁልፍ ይዞ ቆሞ ጠበቃት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ያልተፈቀደ ዕቃ ሲጎረጉር በራሱ ጥፋት ሞተ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ እናሽገዋለን።»

«ሬሳው ሳይነሳ?»

«መመሪያ ነው።»

የሟቹ ሚስት ራዲያ የበሩ ደፍ አጠገብ ቆማለች። ሦስት ልጆች አሏት፤ ይህ ሱቅ ከታሸገ ነገ የሚበሉት የለም። አታለቅስም፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ ግን አልነቀለችም።

ደብሪቱ በንዴት ጥርሷን ነክሳ ወደ ሬሳው ዞረች። የሸሚዙ እጅጌ ከክርኑ በላይ፣ ሱሪው እስከ ባቱ ተጠቅልሏል። እግሩ ባዶ ነው፤ ካልሲዎቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። በግራ መዳፉ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ የቃጠሎ መስመር አለ። የኮምፒውተሩ ብሎኖች አንድ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተከምረዋል።

ሬሳውን ያገኘው የሥራ ባልደረባው ጁነዲን ነበር።

«ለሶላት ቀድሜው ወጣሁ። "ውዱእ አድርጌ፣ እጅ እግሬን ታጥቤ እደርስብሃለሁ" አለኝ። አልመጣም። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ብሎን ሲፈታ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚጨምረው?»

ጁነዲን ገና አሁን ልብ ያለው ይመስል ብርጭቆውን ትኩር ብሎ አየው። «ኧረ በፍጹም! የዕቃውን ቅርጽ ካርቶን ላይ ይስልና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይሰካዋል። ስምንት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን አዛብቶ አያውቅም።»

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ካርቶን አወረደላት። የኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ በእርሳስ ተስሎበታል፤ ከኋላ ባትሪው፣ በጎን ዲስኩ፣ ከሥር ሰፊው ቦርድ። የብሎኖቹ ቦታ አስራ አንድ ቀዳዳ ነው። ጥጉ ላይ የሐሙስ ቀን ተጽፎበታል።

«ትናንት ሁለታችን ከፍተን፣ አይተን፣ መልሰን ገጥመነዋል» አለ ጁነዲን።

የኮምፒውተሩ ባለቤት ነጋዴው ሐጂ ሰላሁዲን ደግሞ ከሐዘኑ በላይ ጎበዜን ፈርቷል። «ከጅቡቲ ነው ያስመጣሁት። ሌላ ከማዘዜ በፊት፣ ቢበላሽ መርካቶ ውስጥ የሚጠግነው ሰው ይኖር እንደሆነ እይልኝ አልኩት፤ ሌላ ምንም የለበትም! ግድግዳ ላይ ሳልሰካው ሁለት ሰዓት ይሠራልኛል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ሰው ይገድላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«የስለላ መሣሪያ ሊሆን ይችላል» አለ ጎበዜ ከበሩ።

«ጓድ ጎበዜ፣ ሰላዩን በኋላ ይይዙታል!» አለች ደብሪቱ። ቀኑን ሙሉ የታመቀው ንዴቷ እዚህ ላይ አፈተለከ።

በጀርባ በር ወደ ግቢው ወጣች። አንድ የውሃ ቧንቧ አለ፤ ከሥሩ የሀያቱ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከቧንቧው ሁለት እርምጃ ርቆ የጎረቤቱ የቴሌቪዥን ጠጋኝ የዘውገ የጀርባ በር ነው። ዘውገ ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው።

«ጋሼ ዘውገ፣ የሰሙት ነገር አለ?»

«ምሳ ወጥቼ ነበር፣ ልጄ። መከረኛ! አትንካው ብዬው ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ቢነቅሉት እንኳ ኃይሉን ሆዱ ውስጥ አጠራቅሞ ይቆይና ይገላል።»

ደብሪቱ አመስግናው በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ክዳናቸው የተነሳ ሁለት ቴሌቪዥኖች ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ ውስጣቸው ያለው የብረት ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ እሷ ሁለቱንም አገኘች።

ለአስራ አንድ ሰዓት ሩብ ሲቀረው ሁሉንም የሀያቱ ሱቅ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቶ ወደ ምርመራ ተወስዷል። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ፣ እንደተሰካም ነው።

«ገዳዩ ይህ ነው ተብሏል» አለችና መዳፏን በተራቆተው ቦርድ ላይ አሳረፈች።

ራዲያ ጮኸች። ጎበዜ ወደ ኋላ ሲሸሽ ማኅተሙ ከእጁ ወደቀ። ዘውገ «ተይ፣ ትሞቻለሽ!» ብሎ ተንደረደረ። ጁነዲንና ሰላሁዲን ብቻ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። እውነቱን ለመናገር የመቶ አለቃዋም ልብ ይደልቅ ነበር፤ ግን ምንም አልሆነችም።

«የግድግዳው ኤሌክትሪክ እዚህ ውስጥ አይገባም። ውጭ ገመዱ ላይ ያለው ጥቁር ሳጥን አድክሞ ነው የሚያስገባው። ጁነዲን ትናንት ስለከፈተው ያውቃል። ሐጂ በባትሪ ሲሠሩበት ስለከረሙ አይፈሩትም። ሰው ይገድላል ብሎ የሬሳ እጅ እዚህ ላይ የሚያስቀምጥ፣ የዚህን ዕቃ ሆድ በቴሌቪዥን ሆድ የገመተ ሰው ነው።»

«አደጋ ነው ብለናል እኮ፣ ጓድ» አለ ጎበዜ።

«ያስጨርሱኝ! ሀያቱ ትናንት ከፍቶ አይቶ ጨርሷል። ዛሬ የፈታው ሰው ብሎኑን ብርጭቆ ውስጥ ከመረ፤ የሀያቱን ልማድ አያውቅም። ውዱእ አድርጎ ጁምዓ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ሥራ አይጀምርም። ጫማው ቧንቧው ሥር ቀርቷል፤ ስለዚህ በእግሩ ወደዚህ አልተመለሰም፤ ሰው ተሸክሞ አምጥቶታል። መዳፉን ያቃጠለው ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ እዚህ ውስጥ እንዲህ ያለ ብረት የለም። ከቧንቧው ሁለት እርምጃ ላይ ግን አለ። ጋሼ ዘውገ፣ ምን ደግፍልኝ አሉት?»

ዘውገ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ እጆቹን አየ።

«ቴሌቪዥን» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ተሰክተው ነበር። የምሠራበትን የነቀልኩ መስሎኝ የሌላኛውን ነቀልኩ። "ና እስቲ ሀያቱ፣ አንዴ ያዝልኝ" አልኩት። እጁም እግሩም ውሃ ነበር። እኔ... አላሰብኩም።»

«ለምን ሰው አልጠሩም?»

«ሱቄን ያሽጉብኛል ብዬ ነዋ!» ጣቱን ወደ ጎበዜ ቀሰረ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን! መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ ሁሉም ሶላት ላይ ነው። እዚህ ተሸክሜው መጣሁ።»

ራዲያ ከደፉ ወደ ውስጥ ገብታ ፊቱ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ጋሼ ዘውገ፣ ሲሸከሙት ትንፋሽ ነበረው?»

ጎበዜ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል ደብሪቱ በዓይኗ ገላመጠችው።

«ያቃስት ነበር» አለ ዘውገ። «እዚህ ሳስቀምጠው ያቃስት ነበር። ዕቃውን ፈትቼ ስጨርስ ዝም አለ።»

ደብሪቱ ነገሩን ፈታሁ ብላ መደሰት ነበረባት፤ ደስታ የሚባል አልመጣላትም፤ የአንድ የማሸጊያ ወረቀት ፍርሃት ሰው ለሞት ዳርጎ ሲገኝ ማንን እንደምትከስ ግራ ገባት። ዘውገን ይዛ ከመውጣቷ በፊት እጇን ወደ ጎበዜ ዘረጋች።

«ቁልፉን ይስጧት።»

ጎበዜ ወረቀቱን አጣጥፎ ቁልፉን ሰጠ። ራዲያ ተቀበለችና ለጁነዲን አስረከበችው። «ለቅሶው ሲያልቅ ትከፍተዋለህ» አለችው። ከዚያ ባሏ ሲሠራበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።